ቀይ ባሕር በገርጂ ሜዳ ሲያልፍ

ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ጉርድ ሾላ

ጉዞ ማለት ሩቅ መሄድ ይመስላችኋል? እኔም እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የክፍላችን ልጆች ክረምት በመጣ ቁጥር ላንጋኖ ዋኝተው፣ ሐረር ደርሰው ይመለሱና በሚኒ ሚዲያችን መጽሔት ላይ እየጻፉ ያስቀኑኛል። እኔ የተጓዝኩት ከጉርድ ሾላ ቦሌ ነው። ከቦሌ ተመልሼ ጉርድ ሾላ። ከዚያ እንደገና ቦሌ። ይኸው ነው። ነገር ግን አጠገቤ ተቀምጦ የተጓዘው ቀይ ባሕር ስለነበር ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው፤ አትሳቁብኝና አንብቡ።

ታኅሣሥ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ የጓሯችን ሣር ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ዶሮዎቹ እንኳ ገና ከቆጣቸው አልወረዱም። አክስቴ እትዬ ወለላ በሻሽ ላይ ሻሽ ደርባ፣ አንድ ጥቅል ጆንያ በብብቷ ይዛ በሩ ላይ ትንቆራጠጣለች።

“ጽጌ! ነይ እንጂ! አውሮፕላን እንደ አንቺ አይለግምም!”

እትዬ ወለላ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ የምትኖረው እኛው ግቢ ውስጥ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ዓሣ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ከአሰብ በበረዶ ደርቆ የሚመጣውን ዓሣ ትቀበላለች፣ ትመዝናለች፣ ታሽጋለች። ማታ ስትመጣ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ከኋላዋ ነው። እኛም “የድመቶቹ ሊቀ መንበር መጣች” እያልን እንቀልድባታለን።

የዛሬው ጭነት ግን የደረቀ አይደለም። ሕያው ነው። እትዬ ወለላ አለቃዋን ስትነዘንዝ ከርማ በመጨረሻ እሺ አሰኝታቸዋለች፤ እሳቸውም ያሉት እንዲህ ነው፤ “አንድ ጊዜ ብቻ። ስድስት ሣጥን። በሕይወት የሮማው አውሮፕላን ላይ ከወጡ እንቀጥላለን፤ ከሞቱ ግን ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳታነሺብኝ።” አብሯት የምትሠራው ልጅ ስለወለደች ሣጥን የሚያነሳላት ሰው ፈለገች። ለምኜ፣ ሰሃን ሁሉ አጥቤ፣ እኔው ሆንኩ።

መንገዱ ዳር ቆመን ውይይት አገኘን። በውይይት ታክሲ ሰው በሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ተፋጦ ስለሚቀመጥ ዝም ብሎ መሄድ የሚባል ነገር የለም። መገናኛ ሳንደርስ አንዲት ወይዘሮ ጆንያችንን አይተው ጀመሩ።

“በጠዋቱ ለእህል ሸመታ ነው?”

“የለም እናቴ” አለች እትዬ ወለላ። “ለባሕር እንግዶች አልጋ ማንጠፊያ ነው።”

“ወይ ጉድ! እኛ ለሳሙና ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን እናድራለን፣ ለዓሣ አልጋ ይነጠፋል?”

“ሙሽራ ይሆናላ ዓሣው!” አለ ጥግ ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ እንኳ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲስቅ መገናኛን “መገናኛ!” ብሎ መጥራት ረስቶ አለፍነው።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ቦሌ

የአሰቡ አውሮፕላን ሲያርፍ ከአጥሩ ጋር ተጣብቄ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ከወረደ በኋላ በመጨረሻ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ታዩ። ስስ ሸሚዝ፣ ሽርጥ፣ የፕላስቲክ ጫማ። በአንድ እጃቸው ጀሪካን አንጠልጥለዋል። ደረጃው ላይ ነፋሱ ሲያገኛቸው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሰማዩን አዩ፤ ጸሐይዋን አዩ።

እኛ ዘንድ ሲደርሱ የመጀመሪያ ቃላቸው ይኼ ነበር፤ “ጸሐይዋ አለች። ሙቀቱን ማን ወሰደው?”

አቶ ሁመድ ይባላሉ። አፋር ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓሣ አጥማጅ። አማርኛውን አሰብ ከተማ ነው የለመዱት፤ እንደ ውሃ ነው የሚናገሩት። እኔ ወዲያው “ጋሽ ሁመድ” አልኳቸው፤ እሳቸውም “ልጄ” አሉኝ፤ በዚሁ ተዋወቅን። ሥራቸው ሣጥኖቹን ሮማ አውሮፕላን ድረስ መሸኘት ነው። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው የባሕር ውሃ ነው። በጣቴ ነክሬ ቀመስኩት። ጓደኞቼ፣ ቀይ ባሕርን ቀምሻለሁ! ላንጋኖ የዋኛችሁ ሁሉ ይህን አልቀመሳችሁም።

ጋሽ ሁመድ የአንደኛውን ሣጥን ክዳን ከፈቱ። እርጥብ ጆንያ፣ ከሥሩ የባሕር ሣር፣ ከሣሩ ሥር ደግሞ... ወደ ኋላ ዘልዬ የእትዬ ወለላን እግር ረገጥኩ።

“አራጎስታ ነው፤ አይነክስም” አሉ እየሳቁ።

አራጎስታን እንዴት ልንገራችሁ? ፌንጣ አስቡ። ክንድ የሚያህል ፌንጣ። ልብሱ ጥሩር ነው፤ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። እግሮቹ ለቁጥር ያስቸግራሉ። ከግንባሩ ሁለት ረጃጅም እሾሃማ ጅራፎች ወጥተው ልክ እንደ ሬድዮ አንቴና ወዲያና ወዲህ ይፈልጋሉ፤ ጣቢያ የጠፋበት ይመስላል። ጋሽ ሁመድ በጀርባው ይዘው ሲያነሱት ጭራውን ጧ! ጧ! እያደረገ አጨበጨበ።

“ይኼ ነው ሕይወቱ” አሉ። “ጭራው ካጨበጨበ አለ። ከተንጠለጠለ የለም።”

ደስታችን ግን አልቆየም። የጭነት ክፍሉ ወጣት ተቆጣጣሪ እርሳስ ከጆሮው ላይ ሰክቶ መጣና የሮማው አውሮፕላን ዛሬ እንደማይመጣ ነገረን።

“ነገ ማታ ነው። ጭነት የምንቀበለው ከአሥር ሰዓት በፊት ነው።”

“እስከ ነገ?” አለች እትዬ ወለላ። “ጓድ፣ እነዚህ እኮ ነፍስ አላቸው!”

“እሱን ነው የምልሽ። ሕያው እንስሳ ተብሎ ከተመዘገበ ሕያው ሆኖ ነው የሚጫነው። እኔ ፊት ካልተንቀሳቀሰ አላስጭንም።”

እንግዲህ የት ይደሩ? የድርጅቱ ማቀዝቀዣ ክፍል ዓሣ ድንጋይ የሚያደርግ ነው። መጋዘኑ ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ቀትር ላይ ይጠብሳል። እትዬ ወለላ ግራና ቀኝ አየች፤ በመጨረሻ እኔን አየች።

“ቤታችን” አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ጉርድ ሾላ

የድርጅቱ ፒክአፕ ሣጥኖቹን ጭኖ ሲነሳ እትዬ ወለላ ሹፌሩ ጎን ገባች፤ ጋሽ ሁመድና እኔ ከኋላ ከሣጥኖቹ ጋር ሆንን። የቦሌን ሰፊ መንገድ፣ ዛፎቹን፣ ፎቆቹን እያሳየሁ አስጎበኘኋቸው። እሳቸው ደግሞ እኔን ባሕሩን አስጎበኙኝ። ማን የበለጠ እንደተጓዘ አላውቅም።

“ትልልቆቹ መርከቦች ከታች መረብ እየጎተቱ ያገኙትን ሁሉ ያፍሳሉ” አሉኝ። “እሱ ነው በበረዶ ደርቆ እነ አክስትሽ ዘንድ የሚመጣው። እኛ ሳንቡክ ነው ያለን። ሳንቡክ የእንጨት ጀልባ ናት፤ ሸራ አላት፣ ሞተር አላት፣ ሞተሩ ሲያምረው ይሠራል።”

“ሲከፋውስ?”

“ሲከፋው ሸራው ይሠራል። ሸራው ሲከፋው እንጸልያለን።”

በመንጠቆና በገመድ ትልልቅ ዓሣ ይይዛሉ። የሻርክ ክንፍ አድርቀው ይሸጣሉ፤ ሩቅ ምሥራቅ ድረስ ሄዶ ሾርባ ይሆናል አሉኝ፤ አላመንኩም፤ እትዬ ወለላን በመስኮት ጮኼ ጠየቅኋት፤ “አዎ፣ ሾርባ!” አለች። ከዚያ ጋሽ ሁመድ የለበስኩትን የአባቴን አሮጌ ሸሚዝ ቁልፍ በጣታቸው ነኩ። የሚያብረቀርቅ፣ የቀስተ ደመና ቀለም ያለበት ቁልፍ ነው።

“ይኼንንም የምናወጣው እኛ ነን። የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። ጠልቀን እናወጣዋለን፣ ጣልያን አገር ይሄዳል፣ ቁልፍ ሆኖ ይመለሳል።”

ለካ ባሕሩን ደረቴ ላይ ቆልፌ ስዞር ኖሬያለሁ።

አራጎስታው ግን ሌላ ነው። የሚወጣው ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ነው። ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ ይመገባል። እነ ጋሽ ሁመድ ውሃው ጉልበት በሚደርስበት ቦታ ማሾ ይዘው ይራመዳሉ፤ መብራቱ ሲያገኘው ዓይኑ ፍም ይመስላል። ያኔ እጅን በጆንያ ጠቅልሎ ጀርባውን ጭብጥ!

“ለምን በመረብ አትይዙትም?”

“መረብ እግሩን ይሰብረዋል። እግሩ የተሰበረን ደግሞ ሕያው ነው ብሎ የሚገዛ የለም።” ሣጥኑን መታ መታ አደረጉ። “ልጄ፣ ዓሣውን መርከቦቹ ይችሉበታል። በእጅ የሚያዝ ይኼ ብቻ ነው የቀረልን። ይኼ ከተሳካ የእኛ ሰፈር ሳንቡኮች ሥራ አላቸው። ካልተሳካ አሸዋ ላይ ጎትተን እንገለብጣቸዋለን። ዶሮ ይጠለልባቸዋል።”

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔ ነኝ መገናኛን ሳላያት ያለፍኩት፤ በአንድ ቀን ሁለተኛ ጊዜ።

ቤት ስንደርስ ጋሽ ሁመድ ግቢውን እየዞሩ ቀዝቃዛ ቦታ ፈለጉ። “ሙቀት ጠላታቸው ነው” አሉ። “ሰፈራችን የምናጣቸው በሙቀት ነው።” የቆርቆሮውን ዕቃ ቤት ወደዱት። ስድስቱን ሣጥን መሬቱ ላይ ደረደሩ፣ የባሕር ውሃ ረጩላቸው፣ በሩን ገርበብ አደረጉ። ለእራት እናቴ ሽሮ አቀረበች፤ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ሥጋ የሚባል ነገር ቤት ውስጥ የለም፤ እንግዳችንም ሳይጨነቁ በሉ። ከዚያ ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ደርበው ተኙ። ከጥቅሉ ውስጥ የሚታየው አፍንጫቸው ብቻ ነበር።

እሑድ ጠዋት፣ ያው ግቢ

በጭራ ጭብጨባ አልነቃሁም። የነቃሁት በዝምታ ነው።

ስወጣ ጋሽ ሁመድ የዕቃ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ አራጎስታ በእጃቸው ይዘዋል። አንቴናዎቹ ወድቀዋል። ጭራው ተንጠልጥሏል። እትዬ ወለላ ሁለተኛውን ሣጥን ከፈተች፣ ሦስተኛውን ከፈተች። እያነሳች ታያቸዋለች፣ መልሳ ታስቀምጣቸዋለች። አንዱም አያጨበጭብም።

“አለቁ” አሉ ጋሽ ሁመድ።

“ሁሉም?”

“ሁሉም። አገር ቤት እንዲህ የሆነ አራጎስታ ተመልሶ አያውቅም።”

እትዬ ወለላ ማልቀስ አላማራትም፤ መቀነቷን አጥብቃ ነጠላዋን ለበሰች። “ሰው ሳያስቸግሩ መናገር ይሻላል” ብላ ወደ ዳቦ ቤቱ ስልክ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ገርጥቶ ነበር። አለቃዋ “ነግሬሽ ነበር” ብለዋል። ፒክአፑም እንዳይመጣ፣ የቀረው የቤንዚን ኩፖን ለሥራ ቀን እንዲቆጠብ አዘዋል። ሹፌሩም እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ወደ ደብረ ዘይት ሄዷል።

ጋሽ ሁመድና እትዬ ወለላ ሣጥኖቹን ሊደፏቸው ወደ ግቢው አወጧቸው። ጉድጓድ እስኪቆፈር ድረስ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ከሰጠው የጭቃ ግድግዳ ሥር አስቀመጧቸው። ክዳኖቹ እንደተከፈቱ ናቸው።

አሁን ስለዚያ ግድግዳ መናገር አለብኝ። ግድግዳው የእኛ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግን የአባባ ወርዶፋ ነው። አባባ ወርዶፋ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጋሪና ዳማ የሚባል ፈረስ አላቸው። በበጋ ጸሐይ ስትወጣ በርጩማቸውን ይዘው ይመጡና ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጋቢያቸውን ከደረታቸው ከፈት አድርገው ጸሐይ ይሞቃሉ። ማንም ሰው ቢሆን ብርድ ከመታው ቦታ ይሰጡታል።

ጋሽ ሁመድን በጋቢ ተጠቅልለው ሲንቀጠቀጡ አዩዋቸው።

“ና አንተ ሰውዬ፣ ጸሐይ ሙቅ!”

“ምን ልሙቅ?”

“ጸሐይ!”

ጋሽ ሁመድ በዚያ ሐዘናቸው ውስጥ እንኳ ግራ ገባቸው። “አባቴ፣ ጸሐይ ይሸሻታል እንጂ ይሞቃታል እንዴ? እኛ ዘንድ እንዲህ የተቀመጠ ሰው ቢገኝ ሐኪም ቤት ነው የሚወሰድ።”

“እዚህ ደግሞ እንዲህ ያልተቀመጠ ነው ሐኪም ቤት የሚወሰድ። ተቀመጥ!”

ተቀመጡ። ጀርባቸውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረጉ። ሣጥኖቹ እግራቸው ሥር ናቸው። መጀመሪያ ትከሻቸው ወረደ። ከዚያ መንጋጋቸው መንቀጥቀጡን አቆመ። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዘረጉ።

“ኧረ ደስ ይላል” አሉ ቀስ ብለው፤ የሚያፍሩ ይመስል።

“ብያለሁ እኮ!”

እኔ ከጎናቸው ቁጢጥ ብያለሁ። ለሦስታችንም ጸሐይዋ እኩል ነው የደረሰችን። ለሦስታችን ብቻ ግን አልነበረም። ከእግራችን ሥር ጫር ጫር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዶሮ መስሎኝ “እሽ!” አልኩ። ዶሮ የለም። አየሁ። ጥግ ላይ ካለው ሣጥን አንድ አንቴና ብቻውን ቀና አለ። ወደ ግራ ሄደ። ወደ ቀኝ ሄደ። ጣቢያ ይፈልጋል።

“ጋሽ ሁመድ...”

እሳቸው ቀድመው አይተውታል። ጎንበስ ብለው ጀርባውን ይዘው አነሱት።

ጧ! ጧ! ጧ!

እናቴ ማማሰያ ይዛ ወጣች። የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ተሰቀሉ። ሌላው ሣጥን ውስጥ ሁለተኛው ጀመረ፣ ሦስተኛው ተከተለ፤ አንዱ እንዲያውም ከሣጥኑ ወጥቶ ወደ ሽንኩርቱ መደብ ሲጓዝ ዶሮዎቻችን እየጮኹ ቤት ገቡ። አባባ ወርዶፋ ከበርጩማቸው ንቅንቅ አላሉም።

“ሞቱ ያላችኋቸው እነዚህን ነው?” አሉ። “ብርድ መትቷቸው ነዋ! አንተስ ቅድም ሳይህ መች ሰው ትመስል ነበር?”

ጋሽ ሁመድ እስኪያስላቸው ሳቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አራጎስታን ከሙቀት ሲያድኑ ኖረው፣ ብርድ ያደነዘዘው አራጎስታ አይተው አያውቁም። ከየት ያያሉ? እኛም ብንሆን ሞተ የተባለ ነገር ጸሐይ ላይ አውጥተን አናውቅም።

እትዬ ወለላ ነጠላዋ እየተጎተተ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሮጠች። የአለቃዋ ስልክ አይነሳም። ሹፌሩ ደብረ ዘይት ነው። ላዳ ታክሲ ለመፈለግ መንገዱ ዳር ቆምን፤ አንዱ ቆሞ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሲያይ በሩን ሳይዘጋ ሄደ።

ሁላችንም በአንድ ጊዜ ዞረን አባባ ወርዶፋን አየናቸው።

“ዳማ እሑድ ያርፋል” አሉ አባባ ወርዶፋ። አንዱን አራጎስታ ትንሽ አዩት። አራጎስታውም አያቸው። “ይሁን፤ ሰኞ ያርፋል።”

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ገርጂ ሜዳ

ጋሪ ትልቁን መንገድ ይዞ ቦሌ አይገባም፤ ትራፊክ ፖሊስ አለ። ስለዚህ በገርጂ ሜዳ አቋርጠን ነው የሄድነው። ጓደኞቼ፣ ቦሌን በአስፋልት ብቻ የምታውቁ አታውቋትም! ጤፉ ታጭዶ ገለባው ወርቅ መስሏል። አውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ። የእህል አቧራ ከጸሐይዋ ጋር ተቀላቅሎ ይጨፍራል፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ አውሮፕላን ሆዱን እያሳየን ዝቅ ብሎ ያልፋል። ዳማ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም፤ ለምዶታል።

ጠዋት ያዳነችን ጸሐይ አሁን ጠላት ሆናለች። ጋሽ ሁመድ ጆንያዎቹን በቀረችው የባሕር ውሃ እየቆጠቡ ያርሳሉ። እትዬ ወለላ የቅዳሴ ጃንጥላዋን ሣጥኖቹ ላይ ዘርግታ እሷ ጸሐይ ትመታለች። ወንዟ ጋ ስንደርስ ዳማ ሊጠጣ ቆመ፤ እኔም ጀሪካኑን ልሞላ ዘለልኩ።

“ተይ!” አሉ ጋሽ ሁመድ። “የወንዝ ውሃ ይገድላቸዋል። ጨው የሌለው ውሃ ለእነሱ መርዝ ነው።”

“ታዲያ ቢያልቅስ?”

“ሳያልቅ መድረስ ነው።”

አባባ ወርዶፋ ይህን ሰሙና ልጓሙን ነቀነቁ። ዳማ ሮጠ። ገለባ የሚከምሩ ገበሬዎች ቀና ብለው በኦሮምኛ ምን እንደጫኑ ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ሳይቆሙ መለሱ፤ ገበሬዎቹ ተያይተው ሳቁ።

“ምን አሏቸው?” አልኩ።

“ባሕር ጭኛለሁ አልኳቸው። ‘ወርዶፋ በእሑድ ጠጥቷል’ አሉኝ።”

ወደ ቦሌ መግቢያ ላይ የአብዮት ጥበቃ የሆነ ጎረምሳ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ እጁን ዘርግቶ አስቆመን።

“ሣጥኑ ውስጥ ምንድነው?”

“ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ነው” አለች እትዬ ወለላ፣ የሥራ መታወቂያዋን እያሳየች።

“በጋሪ?”

ጆንያውን በጠመንጃው አፍ ገለጥ አደረገ። አንቴናው ወጥቶ አፈሙዙን ዳሰሰው። ጎረምሳው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ጎሮሮውን ጠረገ።

“እለፉ፣ እለፉ። ቶሎ እለፉ።”

እሑድ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ቦሌ

ተቆጣጣሪው በሩን ሊዘጋ ቁልፉን ይዟል። ጋሪ፣ ፈረስ፣ ጃንጥላ፣ ሽርጥ የለበሰ ሰው፣ ገለባ በጸጉሯ የተሰካ ልጅ። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየ።

“አለቃሽ ሞተዋል ብለው ደውለው ነበር” አላት እትዬ ወለላን።

“ብርድ መትቷቸው ነው።”

“እኔ ፊት ካልተንቀሳቀሱ ብያለሁ።”

“ክፈተው!”

የመጀመሪያውን ሣጥን ከፈተ። ጆንያውን ገለጠ። ከላይ ያለው አራጎስታ ዝም ብሏል። ጋሽ ሁመድ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ መሰለኝ። የእትዬ ወለላ እጅ ክንዴን ጨምድዶታል። ተቆጣጣሪው ጎንበስ አለ፣ እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ ጀርባውን ነካ አደረገው።

ጧ!

የባሕር ውሃና የባሕር ሣር ፊቱ ላይ ተረጨ። ሸሚዙ፣ ቅንድቡ፣ እርሳሱ፣ ሁሉም። ከዚያ ተቆጣጣሪው ከንፈሩን ላስ አደረገ።

“ጨው ነው” አለ፤ ሳቁንም መያዝ አልቻለም። ስድስቱንም ሣጥን እያንዳንዱን አየ፤ እያንዳንዱ ሲያጨበጭብ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ማኅተሙን ሲመታ አባባ ወርዶፋ ከበሩ ውጭ ሆነው “እልል በይ እንጂ አንቺ ልጅ!” አሉኝ። የመጀመሪያ እልልታዬ ነበር፤ ጭነት ክፍል ውስጥ አስተጋባ።

ሣጥኖቹ ሊገቡ ሲሉ ጋሽ ሁመድ ድንገት አንዱን ሣጥን ያዙ።

“ቆይ። ሮማም ብርድ ነው አይደል?”

“በዚህ ወር? ከእኛ ይብሳል” አለ ተቆጣጣሪው።

“አውሮፕላኑስ ሆድ ውስጥ?”

“ብርድ ነው።”

“እንግዲያስ እዚያ ሲደርሱም ደንዝዘው ነው የሚደርሱ። የሚቀበላቸው ሰው እንደ እኔ ‘አለቁ’ ብሎ ቢደፋቸውስ?”

ሮማ ውስጥ የሚነግርልን ሰው የለንም። እትዬ ወለላ ግን ወደ እኔ ዞረች። “ጽጌ፣ አንቺን አይደል እንዴ ጻፊ ጻፊ የሚልሽ? እንግዲህ ጻፊያ!”

ተቆጣጣሪው ወፍራም ጥቁር ማርከር አቀበለኝ። ስድስቱም ክዳን ላይ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ይህን የሚያነቡ ከሆነ ስህተቱን ይለፉኝ፤ በችኮላ ነበር የጻፍኩት። በአማርኛ ሲሆን የሚለው እንዲህ ነው፤

“አልሞቱም። ብርድ መትቷቸው ነው። እባካችሁ ጠዋት ጸሐይ አሙቋቸው።”

እስከ ዛሬ የጻፍኩት ሁሉ ከክፍላችን ግድግዳ አልፎ አያውቅም ነበር። ያ ጽሑፍ በዚያው ማታ ባሕር ተሻገረ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉርድ ሾላ

ወደ አሰብ የሚመለሰው አውሮፕላን ረቡዕ ስለሆነ ጋሽ ሁመድ እኛ ዘንድ ሰነበቱ። ማክሰኞ ለትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ለብሼ ስወጣ፣ በርጩማ ይዘው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል፤ ጋቢው ከደረታቸው ከፈት ብሏል፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አባባ ወርዶፋ በላያቸው ቆመዋል።

“ያ ቦታ የእኔ ነው።”

“ቀድሜ መጣሁ።”

“በገዛ ሰፈሬ! ማነው ጸሐይ መሞቅ ያስተማረህ?”

“ታዲያ ጎበዝ ተማሪ አደረጉኝ። እዚያ ጋ ደግሞ ሰፊ ቦታ አለ።”

“እዚያ ጋ ጥላ ነው!”

በዚህ መሐል የግቢው በር ተበረገደና እትዬ ወለላ ገባች። በሌሊት ነበር ሥራ የሄደችው፤ በዚህ ሰዓት መመለሷ ልባችንን ሰቀለው። ስትሮጥ ስለመጣች ለመናገር ትንፋሽ አጠራት። በእጇ ከቢሮ ይዛ የመጣችው የቴሌክስ ወረቀት አለ። ለእኔ ሰጠችኝ። ገዢዎቹ የላኩት ነው፤ ሁለት መስመር። ጮክ ብዬ ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤

“ሁሉም በሕይወት ደርሰዋል፤ በሚቀጥለው ወር ድገሙልን። ጸሐይ ግን አልነበረንም፤ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነው፤ ምድጃ አጠገብ አሙቀናቸዋል።”

እትዬ ወለላ እኔን አቅፋ አዞረችኝ። እናቴ ከማጀት “ምን ሆናችሁ?” እያለች ወጣች። አባባ ወርዶፋ “ዳማም ይሰማ!” ብለው ወደ ፈረሳቸው ተጣሩ።

ጋሽ ሁመድ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳልፈው ወደ ላይ ምስጋና አቀረቡ። ሳንቡኮቹ አሸዋ ላይ እንደማይገለበጡ ገብቷቸዋል። ከዚያ ያቺን የታኅሣሥ ጸሐይ ቀና ብለው አዩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሸሿት የኖሩትን።

“ሳምንቱን ሙሉ?” አሉ። “ሳምንቱን ሙሉ ጸሐይ የላቸውም? ምስኪኖች።”

በርጩማቸውን ጎተት አድርገው ለአባባ ወርዶፋ ቦታ ለቀቁላቸው።